ዋስ የሚሆን ጎረቤት፦ የሰፈር ስብጥርና የሥራ ዕድል በአዲስ አበባ

የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት በ2016 ዓ.ም. ፒያሳን፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካዛንቺስን ከነካ ወዲህ፣ በነዋሪዎች መነሳት ላይ የሚደረገው ክርክር በሁለት ጫፍ ተይዟል። አንደኛው ወገን ከተጨናነቀና ከሚያፈስ የቀበሌ ቤት ወጥቶ ውኃና መጸዳጃ ወዳለው ቤት መግባት በራሱ አዲስ ሕይወት ነው ይላል። ሌላው ወገን ሰው ከሰፈሩ ሲነሳ እንጀራው አብሮ ይነሳል ብሎ ይከራከራል። ከካዛንቺስ ተነስቶ በከተማዋ ዳር ወዳለው የተነሺዎች መንደር፣ ወደ ገላን ጉራ የሄደ ቤተሰብ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸውን ምሳሌ ያቀርባሉ፤ ምሳሌዎቹም ብዙ ጊዜ እውነት ናቸው።

ችግሩ ክርክሩ አንድ ጥያቄ ብቻ ያለ መምሰሉ ነው። ሰው ሰፈር ሲቀይር ከሥራው ጋር የተያያዙ ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜ ይለወጡበታል፦ ከሥራ ቦታ ያለው ርቀት፣ በዙሪያው የሚኖሩት ሰዎች ዓይነት፣ እና ከእነዚያ ሰዎች ጋር ያለው ትውውቅ። ስለ ርቀት ብዙ ይወራል፤ የታክሲ ወረፋ በዓይን ይታያልና። ስለ ሌሎቹ ሁለቱ የሚወራው ግን ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በእነርሱ ላይ ነው፤ የጎረቤት ስብጥር የነዋሪውን የሥራ ዕድል በምን መንገድ ይነካል?

ስብጥር ሲባል ምን ማለት ነው?

የሰፈር ስብጥር በአንድ አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች በገቢ፣ በሙያ፣ በትምህርት፣ በትውልድ አካባቢ ወይም በብሔር ምን ያህል የተለያዩ መሆናቸውን የሚገልጽ ነው። እነዚህ ልዩነቶች በአንድ ቃል ይጠሩ እንጂ በሥራ ዕድል ላይ የሚያመጡት ውጤት አንድ አይደለም። የብሔር ስብጥሩ ሰፊ ሆኖ ነዋሪው ሁሉ የቀን ሠራተኛ የሆነበት ሰፈር አለ፤ ከአንድ አውራጃ የመጡ ሰዎች የሚበዙበት ሆኖ ነጋዴም፣ ተቀጣሪም፣ ሥራ ፈላጊም ጎን ለጎን የሚኖሩበት ሰፈርም አለ። ለሥራ ጉዳይ ከሁሉ በላይ የሚመዝነው የገቢና የሙያ ስብጥሩ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሥራ የሚገኘው ሥራ ካለው ሰው በኩል ነው።

የአዲስ አበባ ሰፈሮች እንዴት ተቀላቀሉ?

በብዙ ከተሞች ሀብታሙ ባንድ ወገን፣ ድሃው በሌላ ወገን መስፈሩ የተለመደ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ግን እንዲህ አልተሠራችም። መኳንንቱ በየኮረብታው ሰፈሩ፤ ወታደሩ፣ አሽከሩ፣ እጅ ባለሙያውና ነጋዴው በግቢያቸው ዙሪያ ጎጆ ቀለሰ። «ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ከዚህ ነው። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ መኮንን ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች ማን ከማን ጋር ሰፍሮ እንደነበር ዛሬም ይናገራሉ። የትልቁ ግቢ አጥርና የድሃው ጭቃ ቤት ግድግዳ የሚጋሩት አንድ መስመር ነበር።

ይህን ለመለወጥ የታቀደው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ወራሪው ኃይል አውሮፓዊውንና አገሬውን በየብቻ የሚያሰፍር የከተማ ፕላን አወጣ፤ በአራዳ የነበረውን ገበያም ወደ ምዕራብ ገፍቶ «የአገሬዎች ገበያ» አለው፤ የዛሬው መርካቶ ነው። ካዛንቺስም ስሙን ያገኘው በዚያው ጊዜ ለጣሊያን የመንግሥት ሠራተኞች ቤት ከሚሠራው ድርጅት ነው። የወረራው ዘመን አጭር ስለነበር ዕቅዱ ሳይፈጸም ቀረ። ለመንግሥት ሠራተኞች ተብሎ የተሠራው ካዛንቺስም ከጊዜ በኋላ ሆቴል ቤት፣ የቀበሌ ቤት፣ ቪላና ቢሮ የተደባለቁበት ሰፈር ሆነ።

ቅይጡን ያጸናው የደርግ አዋጅ ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። አነስተኛ ኪራይ ያላቸው ቤቶች ወደ ቀበሌ ገቡ፤ ኪራያቸውም ለአሠርት ዓመታት ሳይንቀሳቀስ ቀረ። ውጤቱ ሁለት ፊት ነበረው። ቤቶቹ ጠጋኝ አጥተው አረጁ፤ በሌላ በኩል ግን በወር ከጥቂት ብር ያልበለጠ ኪራይ የሚከፍል ቤተሰብ ከከተማዋ ውድ መሬት ላይ ሳይገፋ ኖረ። ድህነቱ መሀል ከተማ፣ ከሥራውና ከገበያው አጠገብ ተቀመጠ። ስለዚህ የቀበሌ ቤት ሲፈርስ የሚፈርሰው ጭቃና ቆርቆሮ ብቻ አይደለም፤ ማንም ያላቀደው፣ ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት የሠራ የአሰፋፈር ሥርዓትም ነው።

ጎረቤት ሥራ የሚሆነው በምን መንገድ ነው?

የመጀመሪያው መንገድ ወሬ ነው። ማርክ ግራኖቬተር የተባለው አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ባለሙያዎችን «ወሬውን የነገረህን ሰው ምን ያህል ጊዜ ታገኘው ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ዘወትር የሚያገኙት ሰው መሆኑን የተናገሩት 17 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። 56 በመቶ ያህሉ አልፎ አልፎ፣ 28 በመቶ ያህሉ ደግሞ ከስንት አንዴ የሚያገኙት ሰው ነበር። ግራኖቬተር ይህን «የላላ ትስስር ብርታት» አለው። የቅርብ ጓደኛ የሚያውቀው አንተ የምታውቀውን ነው፤ አዲስ ወሬ የሚመጣው ከሌላ ዓለም ከሚውል ሰው ነው። ቅይጥ ሰፈር የሚሰጠው እንዲህ ያለውን ትውውቅ ነው። በዕድር ስብሰባ በወር አንዴ የሚታይ የሒሳብ ሠራተኛ፣ በልቅሶ ቤት ድንኳን ሥር አጠገብ የተቀመጠ የጋራዥ ባለቤት፣ ለዝክር የተጠራ የመሥሪያ ቤት ሾፌር የቅርብ ወዳጆች አይደሉም፤ ግን የትኛው ድርጅት ሰው እንደሚፈልግ ያውቃሉ።

ሁለተኛው መንገድ ዋስ ነው። በውጭ ጥናቶች ውስጥ ይህ ብዙም ቦታ የለውም፤ በእኛ አገር ግን የሥራ በር ቁልፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በጋዜጣም በሰሌዳም የሚለጠፉ የሥራ ማስታወቂያዎችን የሚያነብ ሰው «በቂ ዋስ ማቅረብ የሚችል» የሚለውን ሐረግ ደጋግሞ ያገኘዋል። ገንዘብ ያዥ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ፣ ሾፌር፣ የሽያጭ ሠራተኛ፣ የጥበቃ ሠራተኛ፣ የቤት ሠራተኛ ሳይቀር ተያዥ ይጠየቃል። ተያዡ ደግሞ ማንም ሊሆን አይችልም፤ ቋሚ ሥራና ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዙን መጠን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ ወይም የንግድ ፈቃድ፣ ወይም በስሙ የተመዘገበ ንብረት ያለው መሆን አለበት።

ይህ ለስብጥር ጥያቄ ያለው ትርጉም ትልቅ ነው። ነዋሪው ሁሉ በጉልት፣ በቀን ሥራና በጀብሎ በሚተዳደርበት ሰፈር የሚያድግ ወጣት ሐቀኛም፣ ጎበዝም፣ የተማረም ሊሆን ይችላል፤ የሚያውቁት ሰዎች ሁሉ ይመሰክሩለታል። ፊርማቸው ግን ዋጋ የለውም። ሁለት ቤት አልፎ አንድ መምህር ወይም አንድ ነርስ በሚኖርበት ሰፈር ያለው እኩያው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ፊርማው የሚቆጠር ሰው አለው። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ያስፈልጋሉ። ዋስ ለመሆን አቅም ያለው ሰው በሰፈሩ መኖር አለበት፤ ያ ሰው ደግሞ ያንን ወጣት አምኖ ዕዳውን ሊሸከምለት የሚፈቅድ መሆን አለበት። የመጀመሪያው ስብጥር ነው፤ ሁለተኛው ዕድሜ ነው። ሰው ወደ አዲስ ሰፈር በተዛወረ ማግስት ዋስ አይገኝለትም፣ ጎረቤቱ ባለ ቋሚ ደመወዝ ቢሆንም እንኳ። መተማመን የሚገነባው አብሮ በቀበረና አብሮ በዳረ ሰው መካከል ነው፤ ይህም ዓመታት ይፈልጋል።

ሦስተኛው መንገድ ገበያ ነው። ለብዙ ድሃ ቤተሰብ ጎረቤት ሥራ የሚጠቁም ሳይሆን ራሱ ሥራው ነው። እንጀራ ጋግራ የምታስረክብ፣ ልብስ የምታጥብ፣ በርበሬ የምታዘጋጅ፣ ልጅ የምትይዝ ሴት ደንበኞቿ ከእርሷ የተሻለ ገቢ ያላቸው ጎረቤቶችና በአካባቢው ያሉ ምግብ ቤቶች ናቸው። በካዛንቺስ ዙሪያ የነበሩት ሆቴሎች፣ ቢሮዎችና ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ሰፊ ገበያ ነበሩ። ሁሉም ተነሺ በሆነበት መንደር አሥር ሴቶች እንጀራ መጋገር ይችላሉ፤ ገዢው ግን እነርሱው ናቸው።

አንድ አስተዳደራዊ ጉዳይም አለ። በወረዳ በኩል የሚደራጁ ሥራዎች፣ የመሸጫ ቦታዎችና የሴፍቲኔት ድጋፎች የሚሰጡት ለወረዳው ነዋሪ ነው። ከቀድሞ ወረዳ መሸኛ እስኪጻፍ፣ በአዲሱም መታወቂያ እስኪወጣ ድረስ ተነሺው በሁለቱም መዝገብ መሀል ይቀራል።

ሌሎች አገሮች ምን አሳዩ?

የሰፈርን ተጽዕኖ ማወቅ ከባድ የሚሆነው ሰዎች ሰፈራቸውን በዘፈቀደ ስለማይመርጡ ነው። ደህና ሰፈር የሚኖር ሰው ደህና ሥራ ቢኖረው፣ ሰፈሩ ሥራ ሰጠው ወይስ ሥራው ሰፈሩን ገዛለት? ይህን ለመለየት ተመራማሪዎች ዕጣ ይፈልጋሉ፤ ማን እንደሚዛወር በዕጣ ከተወሰነ፣ በተዛወሩትና ባልተዛወሩት መካከል የሚታየው ልዩነት ከሰፈሩ የመጣ ነው ማለት ይቻላል።

ከሁሉ የታወቀው ሙከራ የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1994 በባልቲሞር፣ በቦስተን፣ በቺካጎ፣ በሎስ አንጀለስና በኒው ዮርክ የጀመረው ነው። በድሃ የመንግሥት ቤቶች ይኖሩ ከነበሩ 4,600 ያህል ቤተሰቦች መካከል ለአንዳንዶቹ ድህነት ወደማይበዛበት ሰፈር ለመዛወር የሚያስችል የኪራይ ድጋፍ በዕጣ ደረሳቸው። የተገኘው ውጤት ብዙዎችን ግራ አጋባ። አዋቂዎቹ በጤናና በአእምሮ ሰላም ተጠቀሙ፤ በሥራና በገቢ ግን ምንም አልተለወጡም። ራጅ ቸቲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት ግን ሌላ ነገር ታየ። ሲዛወሩ ዕድሜያቸው ከ13 ዓመት በታች የነበሩ ልጆች በሃያዎቹ አጋማሽ ሲደርሱ ካልተዛወሩት እኩዮቻቸው 31 በመቶ የበለጠ ገቢ ነበራቸው። በጉርምስና ዕድሜ የተዛወሩት ግን አልተጠቀሙም፤ እንዲያውም ትንሽ የተጎዱ ይመስላል።

ይህ ውጤት የተሻለ ሰፈር ለልጆች የሚያስገኘውን ጥቅም ለማስረዳት ይጠቀሳል። የእኛ ጉዳይ ግን የዚህ ግልባጭ ነው፤ እዚያ ድሃው ወደ ተደላደለ ሰፈር ነው የገባው፣ እዚህ ድሃው ከቅይጥ ሰፈር ወጥቶ ከመሰሎቹ ጋር ዳር ላይ ይሰፍራል። ለዚህ የሚቀርበው ማስረጃ የቺሊው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1985 የቺሊ ወታደራዊ መንግሥት በዋና ከተማዋ በሳንቲያጎ የነበሩ የድሃ መንደሮችን አፈረሰ። ከፊሎቹን ነዋሪዎች እዚያው በነበሩበት ቦታ ቤት ሠርቶ የቤት ባለቤት አደረጋቸው፤ ሌሎቹንም የቤት ባለቤት አደረጋቸው፣ ግን ወደ ከተማዋ ዳርቻ ድሃ ወረዳዎች አዛውሮ። ሁለቱም ወገኖች ቤት አግኝተዋል። ልዩነቱ ቦታውና ጎረቤቱ ነው። ፈርናንዳ ሮሃስ-አምፑዌሮና ፌሊፔ ካሬራ የሁለቱን ወገን ልጆች አዋቂ ከሆኑ በኋላ ሲያነጻጽሩ፣ የተዛወሩት ልጆች ገቢ 10 በመቶ ያነሰ፣ የትምህርት ዘመናቸውም በግማሽ ዓመት ያጠረ ሆኖ አገኙት። በእኔ ግምት በአዲስ አበባው ክርክር ውስጥ ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ይህ ጥናት ነው፤ ጥያቄውን ከ«ቤት ይሠራ ወይስ አይሠራ» አውጥቶ «የት ይሠራ» ላይ ያደርሰዋልና።

ከህንድ ከተማ ከአሕመዳባድ የተገኘውም ተቀራራቢ ነው። በዕጣ ከከተማው ዳር ቤት የደረሳቸው ሴቶች ከ14 ዓመት በኋላ ሲጠኑ ቤታቸው ከቀድሞው ተሻሽሏል፤ ገቢያቸውና የልጆቻቸው ሁኔታ ግን ዕጣ ካልደረሳቸው አልተለየም። ከዘመድና ከቀድሞ ጎረቤት ርቀዋል፤ በችግር ጊዜ የሚደርስላቸውም ቀንሷል። ሲሦ ያህሉ ጭራሽ አልገቡበትም፤ ሌላ ሲሦ ያህሉ ገብተው ለቀውታል።

በአዲስ አበባ የተደረጉ ጥናቶች

አዲስ አበባም የራሷ ማስረጃ አላት። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ቤቶቹን የሚያከፋፍለው በዕጣ መሆኑ ለተመራማሪዎች ተመቸ። ሲሞን ፍራንክሊን የተባለ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ ዕጣ የወጣላቸውንና ያልወጣላቸውን ተመዝጋቢዎች ሲያነጻጽር፣ ከመሀል ከተማ የራቀ ቤት ማግኘት የቤተሰቡን ገቢም ሆነ የሥራ ሁኔታ ይህን ያህል እንዳልለወጠ ተመለከተ። «መዛወር ሥራ ያሳጣል» ለሚለው ወገን ይህ ምቹ ውጤት አይደለም፤ በቅንነት መቀበል ያስፈልጋል።

ነገር ግን ሁለቱን ሁኔታዎች አንድ ማድረግ ስህተት ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው ምርጫ ነበረው። ሥራው የሚርቅበት ከሆነ ቤቱን አከራይቶ በነበረበት መቆየት ይችል ነበር፤ ብዙዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። የኪራዩ ገቢም በራሱ መጠጊያ ነው። በልማት ምክንያት የሚነሳ ቤተሰብ ግን የነበረበት ሰፈር ስለሌለ የሚቆይበት የለውም፤ ጎረቤቶቹም በአንድ ጊዜ ይበተናሉ። በተጨማሪም ኮንዶሚኒየም ራሱ ቅይጥ ነው። በጀሞ፣ በጎተራ ወይም በሰሚት አንድ ደረጃ ላይ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ነጋዴ፣ ተከራይ ተማሪና ጡረተኛ ይገናኛሉ፤ ዕጣው የሚለየው በገቢ አይደለምና። ምንም እንኳ ቅድሚያ ክፍያውን መክፈል ያልቻለው ከመጀመሪያው ቢቀርም፣ የሚፈጠረው ሰፈር ለተነሺ ብቻ ተብሎ ከሚሠራ መንደር የተለየ ነው።

ሌላው ጥናት ስለ ርቀትና ስለ መታወቅ ነው። ግሩም አበበና ባልደረቦቹ በአዲስ አበባ ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን በዕጣ ለያይተው፣ ለአንደኛው ቡድን ሥራ ወደሚፈለግበት መሀል ከተማ የሚያደርስ የትራንስፖርት ድጎማ ሰጡ። ሁለተኛው ቡድን የሥራ ማመልከቻ አጻጻፍና የቃለ መጠይቅ ሥልጠና ወሰደ፤ ችሎታውም ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ተሰጠው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሁለቱም ጠቀሙ፤ መደበኛ ሥራ የማግኘት ዕድል ጨመረ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን የትራንስፖርት ድጎማው ውጤት ጠፍቶ ነበር። ችሎታቸው የተመሰከረላቸው ግን የተሻለ ገቢ ያገኙ ነበር፤ በሥራቸውም ረግተው ይቆያሉ።

ይህን ከዋስ ጉዳይ ጋር አያይዞ ማንበብ ይቻላል። አሠሪው ሥራ ፈላጊውን አያውቀውም፤ ለዚህ ነው የሚያውቀው ሰው ፊርማ የሚጠይቀው። የምስክር ወረቀቱ የሠራው ነገር ሰፈር ይሠራው ከነበረው ጋር አንድ ነው፦ ያልታወቀውን ሰው ማሳወቅ። ስለዚህ ታክሲና አውቶቡስ ማቅረብ አስፈላጊ ቢሆንም፣ ተነሺው ያጣውን የማይተካበት ምክንያት ከዚህ ይታያል። አውቶቡስ ሰውየውን አሠሪው ደጃፍ ያደርሰዋል፤ ከደጃፉ በኋላ ማን ነህ ይባላል።

የብሔርና የትውልድ አካባቢ ስብጥርስ?

በትውልድ አካባቢ መሰባሰብ ጎጂ ነው የሚለው አስተሳሰብ በጥናት ሲፈተሽ እንዲህ ቀጥተኛ አይደለም። በሽሮ ሜዳ የዶርዜ ሸማኔዎች ሰፈራ ለአዲስ መጪ ወጣት ወዲያውኑ ማደሪያ፣ የሸማ ዕቃና ሙያ ሰጥቶታል። በመርካቶም የጉራጌ ነጋዴ ከአገር ቤት የመጣውን ዘመድ ከሱቅ ረዳትነት አስነስቶ ባለሱቅ ሲያደርግ ኖሯል። የመሰባሰብ ጥቅሙ ፈጣን ነው። ገደቡ ደግሞ ሁሉም የሚያውቁት አንድ ሙያ መሆኑ ነው፤ ሽመናው ሲቀዘቅዝ ሰፈሩ በሙሉ አብሮ ይቀዘቅዛል።

ሎሪ ቢማን በአሜሪካ በሰፈሩ ስደተኞች ላይ ያደረገችው ጥናት ነገሩን ይበልጥ ያጠራዋል። አንድ ስደተኛ በሚሰፍርበት ከተማ ቀድመው የደረሱና የተቋቋሙ ያገሩ ሰዎች ሲበዙ ሥራ የማግኘት ዕድሉ ይጨምራል። በቅርብ ጊዜ የገቡ ሲበዙ ግን ይቀንሳል፤ አዲሶቹ ለተመሳሳይ ወሬ ይሻማሉና። ቁም ነገሩ ብሔሩ ሳይሆን ከጎን ያለው ሰው ሥራ ውስጥ መሆኑ ነው። አንድ ላይ በአንድ ቀን የሰፈረ የተነሺዎች መንደር በዚህ ዓይን ሲታይ ሁሉም አዲስ መጪ የሆነበት ሰፈር ነው።

የቤተ እስራኤላውያን ታሪክም ከዚህ ጋር ይያያዛል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰለሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓጓዙ፤ በየመቀበያ ማዕከሉም ያለምርጫቸው ተደለደሉ። ኤሪክ ጉልድ፣ ቪክተር ላቪና ዳንኤሌ ፓሰርማን ልጆቹን ተከታትለው ባደረጉት ጥናት፣ ዕድል ጥሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለበት አካባቢ የጣላቸው ልጆች ሁለተኛ ደረጃን የማቋረጥ ዕድላቸው ያነሰ፣ የማጠቃለያ ፈተና የማለፍ ዕድላቸውም የበለጠ ሆኖ ተገኘ። ቋንቋቸው፣ መነሻቸውና የመጡበት ቀን አንድ ነበር። የለያቸው የወረዱበት ሰፈርና የገቡበት ክፍል ነው።

ጎን ለጎን መኖር ይበቃል?

ለቅይጥ ሰፈር የሚከራከሩ ሰዎች ሊመልሱት የሚገባ ከባድ ጥያቄ አለ። ሰው ጎን ለጎን ስለኖረ ይተዋወቃል ማለት ነው? ቸቲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2022 የ21 ቢሊዮን የፌስቡክ ወዳጅነቶችን መረጃ ተጠቅመው ባወጡት ጥናት፣ በድሃና በባለሀብት ሰዎች መካከል ወዳጅነት በሚበዛበት አካባቢ ያደጉ ድሃ ልጆች በኋላ የተሻለ ገቢ እንደሚያገኙ አሳይተዋል። ያው ጥናት ግን ሌላም ነገር ተናግሯል። በመደቦች መካከል ወዳጅነት ለመጥፋቱ ግማሹ ምክንያት አለመገናኘት ነው፤ ሌላው ግማሽ ደግሞ እየተገናኙ አለመወዳጀት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ይህ በግልጽ ይታያል። አጥሩን ከፍ አድርጎ፣ ዘበኛ አቁሞ፣ ልጁን በመኪና ሌላ ክፍለ ከተማ ወዳለ የግል ትምህርት ቤት የሚልክ ባለ ቪላ በካርታ ላይ የድሃው ጎረቤት ነው፤ በኑሮ ግን አይደለም። የድሮውን ሰፈር በናፍቆት ብቻ ማየትም ልክ አይሆንም። ቅይጥነቱ በጌታና በአሽከር ግንኙነት ላይ የቆመበት ዘመን ነበር፤ ድሃው ጎረቤት የሚያገኘው ሥራም ብዙ ጊዜ የጉልበት ሥራ ሆኖ ይቀር ነበር። ቢሆንም ዕድር የሚባል ነገር አለ። ዕድር የሚከፈለው በወር፣ የሚገባበትም በሰፈር ነው፤ መሐንዲሱና ሊስትሮው በአንድ ድንኳን ሥር እኩል የሚቀመጡበት፣ አንዱ የሌላውን ልጅ በስም የሚያውቅበት ተቋም ነው። በዚህች ከተማ መኖርን ወደ መተዋወቅ የሚለውጥ ከዚህ የበረታ ነገር ለማግኘት ያስቸግራል። ሰፈሩ ሲበተን ዕድሩ ገንዘቡን ይከፋፈላል ወይም አባላቱ ከሩቅ እየመጡ ያቆዩታል። ሁለቱም በከተማዋ እየታዩ ነው።

በሌላው ወገን ያለውም ክርክር ቀላል አይደለም። የፈረሱት ቤቶች ብዙዎቹ ለመኖሪያ የማይበቁ ነበሩ፤ አንድ መጸዳጃ ለብዙ ቤተሰብ፣ ለእሳት አደጋ መኪና የማይበቃ መንገድ። በጭስና በእርጥበት ውስጥ ያደገ ልጅ ጤናው ሲጎዳ የሥራ ዕድሉም አብሮ ይጎዳል። ከተማ አይታደስ የሚል መደምደሚያ ከዚህ ጽሑፍ አይወጣም። የቺሊው ጥናት የሚያሳየው ግን ማደስና ማራቅ ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች መሆናቸውን ነው።

ከዚህ በኋላ ምን ሊከተል ይችላል?

በአጭር ጊዜ የሚጠበቀው በጎረቤት ገበያ የሚተዳደሩ ሰዎች፣ በተለይም ሴቶች፣ ገቢ መቀነስ ነው። ቋሚ ተቀጣሪው የትራንስፖርት ወጪው ይጨምራል፣ ጊዜው ያጥራል፤ ሥራው ግን ይቆያል። በቤቷ ደጃፍ እንጀራ የምትሸጠው ሴት ግን ሥራዋን ይዛ መሄድ አትችልም። በመካከለኛ ጊዜ የሚጠበቀው ደግሞ ትምህርታቸውን የጨረሱ ወጣቶች ዋስ ማጣት ነው፤ ይህ በሥራ አጥነት ቁጥር ውስጥ በስሙ አይመዘገብም፣ «ሥራ አላገኘም» ተብሎ ብቻ ይታለፋል።

ሕጉ ይህን ጉዳት ፈጽሞ አልዘነጋውም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ማስለቀቅና የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 ለሚቋረጥ ማኅበራዊ ትስስርም ካሳ እንዳለ ደንግጓል። ትስስር ዋጋ ያለው ነገር መሆኑ በሕግ መታወቁ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም አንድ ጊዜ በሚከፈል ገንዘብ ዋስ አይገዛም። ከዚያ ይልቅ ሊሠሩ የሚችሉ ተግባራዊ ነገሮች አሉ። አንድን ዕድር አባላቱን ሳይበትኑ በአንድ ብሎክና በአጎራባች ብሎኮች ማስፈር ይቻላል፤ የሚያስፈልገው ከዕጣ በፊት የዕድሩን መዝገብ ማየት ነው። ለተነሺ ብቻ መንደር ከመሥራት ይልቅ በሽያጭና በኪራይ ከሚተላለፉ ቤቶች ጋር ማቀላቀል ይቻላል። መንግሥታዊ አሠሪዎችም ለተነሺ ወጣቶች የሰው ዋስን በተቋም ዋስትና ወይም በመድን መተካትን ሊያስቡበት ይችላሉ። ከነባሩ ነዋሪ የተወሰነውን እዚያው መልሶ ማስፈር ግን ከሁሉ የበለጠ ዋጋ የሚጠይቅ ነው፤ የመሀል ከተማ የሊዝ ገቢን ይነካልና። ለዚህ ነው ብዙ የማይነሳው።

በረጅም ጊዜ የሚወስነው የልጆቹ ጉዳይ ነው። በ2017 ዓ.ም. ከካዛንቺስ ሲነሳ ሰባት ዓመቱ የነበረ ልጅ ሃያ ዓመት የሚሞላው በ2030 ዓ.ም. ነው። ከአሜሪካና ከቺሊ የተገኙት ሁለቱ ውጤቶች፣ አንዱ የ31 በመቶ ጭማሪ፣ ሌላው የ10 በመቶ ቅናሽ፣ የሚያወሩት ስለ እርሱ እኩዮች ነው። በገላን ጉራ የሚገባበት ትምህርት ቤት ምን ዓይነት መምህራን እንዳሉት፣ በአጠገቡ የሚቀመጠው ልጅ አባት ወይም እናት ምን ሥራ እንደሚሠሩ፣ ይህን ማወቅና መመዝገብ ዛሬ ይቻላል። ከተማ አስተዳደሩ የተነሺዎችን ስምና ያረፉበትን ቤት በመዝገብ ይዟል፤ ከዚያው መዝገብ ላይ ተነስቶ በየሁለትና ሦስት ዓመቱ ማን ምን እንደሚሠራ፣ ሥራውንም በማን በኩል እንዳገኘ መጠየቅ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አይፈልግም።